ፓይተን ወይስ ጃቫስክሪፕት? ለቆየው ጥያቄሽ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ድምፄን አጥፍቼ ዓመት አለፈኝ። ምክንያት አልደረድርልሽም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በመጨረሻው መልእክትሽ «ፕሮግራሚንግ ልጀምር ነው፤ በየትኛው ቋንቋ ልግባ?» ብለሽኝ ነበር። እስካሁን ካልጀመርሽ ዛሬም አልረፈደም።

«የትኛው ቋንቋ ይሻላል?» ከማለትሽ በፊት «የምሠራው ነገር የት ነው የሚሠራው?» በይ። ያማረሽ ድረ ገጽ ላይ የሚታይ፣ ሲጫኑት የሚንቀሳቀስ ነገር ከሆነ ጃቫስክሪፕት ያዢ። ብራውዘር በቀጥታ የሚያነበው እሱን ነው፤ የምትጭኚው ነገርም የለም። በአብዛኞቹ የኮምፒውተር ብራውዘሮች ኤፍ 12ን ብትጫኚ፣ ኮንሶል የሚለው ክፍል ላይ ወዲያው መጻፍ ትችያለሽ። ፋይል መደርደር፣ ሒሳብ ማስላት፣ የብዙ ሰነዶችን ስም በአንድ ጊዜ መቀየር፣ ዳታ መተንተን ከሆነ ደግሞ ፓይተን። ምን እንደምትሠሪ ገና ካልለየልሽም ፓይተን እልሻለሁ።

ለምን ብትዪ፣ ስህተትሽን ሳይደብቅ ስለሚነግርሽ ነው። ጥቅስ ውስጥ የተቀመጠ "5" ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው። ይህን ጽሑፍ ከቁጥሩ 3 ጋር ደምር ብትዪው ጃቫስክሪፕት ምንም ሳይል 53 ይሰጥሻል። ከዚሁ ጽሑፍ ላይ 3 ቀንስ ስትዪው ግን 2 ይልሻል። ሲደምር ይቀጥላል፣ ሲቀንስ ያሰላል! ፓይተን እዚያው ቆሞ «ጽሑፍና ቁጥር አይደመሩም» የሚል ታይፕ ኤረር ያወጣል። ጀማሪን ያስደነግጣል እንጂ ውለታ ነው፤ ያጠፋሽበት መስመር የቱ እንደሆነ ወዲያው ታያለሽ። ነገሩ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን የሚያጋጥም ነው። ኢንፑት የሚባለው የፓይተን ትእዛዝ ከኪቦርድ የሚቀበለውን ሁሉ ጽሑፍ አድርጎ ነው የሚሰጥሽ። ዕድሜሽን 25 ብለሽ ብታስገቢም ኢንት በሚባለው ትእዛዝ ካልቀየርሽው ቁጥር አይሆንም።

«እውነተኛ ፕሮግራመር በሲ ይጀምራል» የሚሉሽ አይጠፉም። ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ይህ ቋንቋ ማሽኑ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ያሳይሻል፤ እሱን አልክድም። ግን የሜሞሪውን ጣጣ አንቺው ላይ ነው የሚጥለው። አምስት ቦታ ብቻ ባለው ዝርዝር ስድስተኛው ላይ ብትጽፊ ዝም ብሎ ሊያሳልፍሽና ከብዙ መስመር በኋላ፣ ምንም ያላጠፋሽበት ቦታ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሁለተኛ ቋንቋሽ ይሁን። ጃቫም (ከጃቫስክሪፕት የተለየ ቋንቋ ነው) በተለመደው አጻጻፉ አንዲት ቃል ስክሪን ላይ ለማውጣት ገና ትርጉማቸውን የማታውቂያቸውን ክላስ፣ ስታቲክና ቮይድ ያስጽፍሻል። የምትማሪበት ቦታ በአንዱ የሚያስተምር ከሆነ ግን ምክሬን ተዪውና በዚያው ጀምሪ። አጠገብሽ የሚያርምሽ ሰው ካለ ምርጫው ያን ያህል አያሳስብም።

ፓይተንን ከራሱ ይፋዊ ድረ ገጽ አውርጂ። ቁጥሩ በ3 የሚጀምር መሆን አለበት፤ የ2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አብቅቷል። የምትከተዪው ትምህርት ፕሪንትን (ስክሪን ላይ የሚያወጣውን ትእዛዝ) ያለ ቅንፍ የሚጽፍ ከሆነ አሮጌ ነውና ዝጊው። ዊንዶውስ ከሆነ በመጫኛው የመጀመሪያ መስኮት ግርጌ ስለ ፓዝ የሚናገር ትንሽ ሳጥን ካለ ምልክት አድርጊበት። ከዘለልሽው በኋላ ኮምፒውተሩ ፓይተንን አላውቀውም ሊልሽ ይችላል። አብሮት የሚመጣው አይድል የሚባል ኮድ መጻፊያ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበቃሻል፤ ኤዲተር ስታማርጪ ጊዜሽን አትግደይ።

አሁን ደግሞ በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች የምንወድቅበት ጉድጓድ። ኪቦርድሽን ሳትቀይሪ ኮድ ውስጥ በኮማ ፋንታ ፣ ብታስገቢ ፓይተን የማይሆን ምልክት ነው ብሎ ዩ+1363 የሚል ቁጥር ያሳይሻል። ኢፍ («እንዲህ ከሆነ» የሚለው ትእዛዝ) መጨረሻ ላይ ባለው ሁለት ነጥብ ፋንታ ፡ ከገባ ደግሞ ቁጥሩ 1361 ነው። ሁለቱ ነጥቦች ለዓይን አንድ ስለሚመስሉ በማየት አታገኚውም፤ ቁጥሩን እመኚ። ፊደላችንን ግን አይጠላም። ተለዋዋጭሽን (መረጃ የምታስቀምጪበትን ስም) ዋጋ ብለሽ ብትሰይሚው ይቀበልሻል፤ የሰላም ርዝመት ስንት ነው ብትዪውም 3 ይልሻል። (በሲ በተለመደው መንገድ ስትቆጥሪ 9 ነው የሚወጣው፤ ፊደላት ኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጡበት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ዘዴ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚይዝ።) ብቻ አንድ ቦታ ሥራ፣ ሌላ ቦታ ስራ ብለሽ እንዳትጽፊ። ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ ለፓይተን ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው።

መጀመሪያ የቁጥር ግምት ጨዋታ ሥሪ። ኮምፒውተሩ ከ1 እስከ 100 አንድ ቁጥር ይያዝ፣ አንቺ ገምቺ፣ እሱ «ይበልጣል» ወይም «ያንሳል» ይበልሽ። ከሃያ መስመር አይበልጥም፤ ተለዋዋጭ፣ ኢፍ፣ ሉፕ (አንድን ሥራ የሚደጋግም ትእዛዝ) እና ኢንፑት ሁሉም አሉበት። ጨዋታው የሚፈልገው ራንደም የሚባል፣ ቁጥር በዘፈቀደ የሚመርጥ ሞጁል (ተዘጋጅቶ የሚመጣ የኮድ ፋይል) ስለሆነ ፋይልሽን ራሱን ራንደም ብለሽ እንዳትሰይሚው፤ ፓይተን እውነተኛውን ትቶ ያንቺን ፋይል ይከፍትና የምትጠሪው ትእዛዝ የለም ይልሻል። በሉፑ ውስጥ ያሉትን መስመሮች በ4 ስፔስ ወደ ውስጥ አስገቢ፤ ታብና ስፔስ ከቀላቀልሽ ይቆጣል። ሉፑ አልቆም ካለ ኮንትሮልን ይዘሽ ሲን ተጫኚ። ሁልጊዜ መሃሉን እየገመትሽ ብትሄጂ ቢበዛ በ7 ሙከራ ታገኚዋለሽ። ከዚያ ፕሮግራሙ ሙከራሽን እንዲቆጥር አድርጊ፤ ቀጥሎ ቁጥር ያልሆነ ነገር ብታስገቢ እንዳይወድቅ። ሦስተኛዋ እርምጃ ታስቸግርሻለች፣ ትንሽ ታገያት።

ኮዱን ኮፒ አታድርጊ፣ በጣትሽ ጻፊው። ይህ ጨዋታ ሳያልቅ ደግሞ ሌላ ቋንቋ አትጀምሪ። በመሃል ሰው ሁሉ የሌላውን ሲያወድስ ትሰሚያለሽ፣ እለፊው። ሉፕ በፓይተን ከገባሽ በጃቫስክሪፕት የሚቀርሽ አጻጻፉ ብቻ ነው።

ቀይ ጽሑፍ ሲዘረገፍብሽ ከታች ጀምረሽ አንብቢ፤ የመጨረሻዋ መስመር ምን እንደተበላሸ ትናገራለች፣ ከእሷ በላይ ያሉት የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ይጠቁማሉ። አልፈታ ካለሽ ላኪልኝ፤ አሁን አልጠፋም። ፎቶ አንስተሽ ሳይሆን ኮዱንም ስህተቱንም በጽሑፍ ገልብጠሽ ይሁን፤ የመጨረሻዋን መስመር እንዳትቆርጪብኝ።

ያንቺው ጓደኛሽ