የመስክ መኪና መስክ ይዋል፦ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ትልልቅ ፎር ዊል መኪኖች ከተማ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣ ጤና ይስጥልኝ።

በቅድሚያ ማን እንደሆንኩ ልንገርዎ። 19 ዓመት የመስክ ሾፌር ነበርኩ። አብዛኛውን ጊዜ የነዳሁት ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የምነዳው ያገለገለች ቪትዝ ነው። ስለዚህ ትልቅ መኪና ሳላውቅ ወይም ቀንቼ የምጽፍ እንዳይመስልዎ። ቅናት የሚሰማኝ ሽሮሜዳን ስወጣ ብቻ ነው፤ እሱም እንጦጦ ስደርስ ይለቀኛል።

ፎር ዊል፣ ማለትም ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያዞረው መኪና፣ ምን እንደሆነ የገባኝ መንጃ ፈቃድ ስማር አይደለም። ሰሜን ሸዋ፣ ጅሩ ላይ ነው። የእነዋሪን መረሬ፣ ያን ጥቁር አፈር፣ በሐምሌ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጭቃው ጎማው ላይ ይጠቀለላል። ጎማው ይወፍራል። መሪውን ወደ ግራ ያዞራሉ፣ መኪናው ደስ ወዳለው ይሄዳል። ያኔ ወርጄ የፊት ጎማዎቹን ሀብ እቆልፋለሁ፣ የዝግታውን ማርሽ አስገባለሁ፣ እየተንፏቀቅኩ እወጣለሁ። ያ መኪና ባይኖር ኖሮ መድኃኒቱም አይደርስም፣ እኔም እዚያው አድር ነበር። ለዚያ ሥራ ከላንድክሩዘር የሚሻል አላየሁም። ይህን ደብዳቤ ላንድክሩዘርን እንደ ስድብ አድርጎ የሚያነብ ካለ ተሳስቷል።

ታዲያ በ19 ዓመት ውስጥ ያንን ማርሽ አዲስ አበባ ላይ ስንት ጊዜ አስገባሁት? አንድ ጊዜ። እሱም ጋራዥ ውስጥ ነው፤ መካኒኩ "እስቲ ይሠራ እንደሆነ እንየው" ብሎኝ።

አሁን ከተማው ውስጥ የማያቸው ትልልቅ መኪኖች ግን ጭቃ የሚባል ነገር በቴሌቪዥን እንኳ ያዩ አይመስሉም። ጠዋት የልጅ ልጄን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። የትምህርት ቤቱ መንገድ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ በሌላው በኩል የሱቅ ደረጃ አለ። ሁለት ቪትዝ ቢገናኝ መስታወት አጥፈን እንተላለፋለን። አንድ ቪ ኤይት፣ ያ ትልቁ ላንድክሩዘር፣ ከመጣ ግን ሁላችንም ወደ ኋላ ነው። ረድፉ ሁሉ ይመለሳል። ከዚያ መኪና የሚወርደው አንድ ልጅና አንድ የምሳ ዕቃ ነው።

ጎረቤቴ ቪ ኤይት አለው። ጥሩ ሰው ነው፤ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሲኖር መኪናውን አይሰስትም። አንድ ቅዳሜ አስፈቅጄው ሜትር ይዤ ለካሁት። ኮፈኑ ፊት ለፊት ከመሬት 1 ሜትር ከ12 ሆነ። የልጅ ልጄ አንደኛ ክፍል ናት፤ ቁመቷ ከዚያ ብዙ አይበልጥም። ከመኪናው ፊት ሁለት እርምጃ ርቃ እንድትቆም ነገርኳትና ጎረቤቴ መሪው ላይ ወጣ። "ምን ታያለህ?" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ "ሪባኗን" አለኝ። ቀይ ሪባን ነበር ያሰረችው። ሪባኑ ባይኖር ምን ያይ እንደነበር ሁለታችንም አልተነጋገርንም። እሱ ከዚያ ቀን ወዲህ ከግቢ ሲወጣ ጥሩንባ ይነፋል፤ እኔ ደግሞ ሪባኑን ጠዋት ጠዋት ራሴ አያለሁ።

ይህ የእኛ ሰፈር ወሬ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የመድን ኩባንያዎች ያቋቋሙት የመንገድ ደህንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ጥናት አውጥቶ ነበር። ኮፈናቸው ከ1 ሜትር በላይ የሆኑ መኪኖች እግረኛ ሲገጩ የመግደላቸው ዕድል፣ ኮፈናቸው ዝቅና ዘንበል ካለው በ45 በመቶ ገደማ ይበልጣል ይላል። ምክንያቱ ለማንም ይገባል። ዝቅ ያለው መኪና እግር ይመታና ሰውየውን ኮፈኑ ላይ ያወጣዋል። ከፍ ያለው ደረትና ጭንቅላት ነው የሚያገኘው፤ ሰውየውም የሚወድቀው ወደ ጎማው ነው። ይህ የአሜሪካ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከግማሽ በላይ ሰው በእግሩ የሚሄድባት ከተማ ናት። እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል።

"መንገዱ ጉድጓድ ነው፣ ምን እናድርግ?" የሚል መልስ ይመጣል፤ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። እውነት አለበት። የእኔም ቪትዝ ሆዷን ኮብልስቶን ቧጭሯት ያውቃል። ግን ጉድጓድ የሚፈልገው ከፍታ ነው። ፎር ዊል አይደለም። በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ ከፍ ያለ መኪና ጉድጓዱን ያልፋል። ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ስንቱ መንገድ ነው አስፋልቱ እንደ ጠረጴዛ የሆነው። "ዝናብ ላይ ይይዛል" የሚሉም አሉ። ፎር ዊል ለመነሳት እንጂ ለመቆም አይረዳም። ፍሬን ቪትዝም ላይ አራቱንም ጎማ ነው የሚይዘው። ይልቅ 2.7 ቶን የሚመዝን መኪና እርጥብ ቁልቁለት ላይ ማቆም ምን እንደሚመስል እኔን ይጠይቁኝ።

እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። በቪትዝ ሆቴል በር ላይ ስደርስ ጥበቃው እጁን ዘርግቶ "ወዴት ነው አባት?" ይለኛል። ቪ ኤይት ሲመጣ በሩን በሰፊው ከፍቶ በወታደር ሰላምታ ያስገባዋል። ማን እንደሆነ አይጠይቀውም። በዚህ አገር መኪና መታወቂያ ነው። ሰውን በዚህ አልወቅስም። እኔም የመስክ ሾፌር ሳለሁ፣ በዚያ ሃርድቶፕ ሰርግ ቤት ስደርስ የሚሰጠኝ ወንበር ዛሬ ከሚሰጠኝ ይለይ ነበር።

ይህን ልማድ ያስተማረን ግን ማነው? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኮድ 4፣ የመንግሥት ታርጋ ነው። ኃላፊ የሆነ ሰው የሚታወቀው በትልቅ መኪና ነው ብሎ ያሳየን መንግሥት ራሱ ነው። ነጋዴው የተከተለው ከዚያ ነው።

አንድ ነገር ላጫውትዎ። የመስሪያ ቤቱን ስም ልተወው። ሁለት ሃርድቶፕ ነበሩን። አንዱን እኔ ነበርኩ የምነዳው። ሁለተኛው "ለጊዜው" ተብሎ አዲስ አበባ ለአንድ ኃላፊ ተመደበ። አንድ ክረምት የእኔዋ ፍሪሲዮን ተቃጠለ። አምስት ቀን ቆምን። የክትባቱን ሳጥን በቅሎ ላይ ጭነን፣ ነርሷ በጭቃው ውስጥ በቦቲ ጫማ ስትሄድ አየሁ፤ በየጥቂት እርምጃው አንዱ ቦቲ ጭቃው ውስጥ ይቀርባታል። እኔ ዕቃ ለመግዛት አዲስ አበባ መጣሁ። ሁለተኛዋን መኪና ያገኘኋት አንድ የግል ትምህርት ቤት በር ላይ ነበር። ታጥባለች። ቼርኪዋ ያበራል። አዲስ ጎማ ተቀይሮላታል፤ ጎማው ላይ የሚኖረው ያ ትንንሽ የላስቲክ ፀጉር እንኳ ገና አልተበላም። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ወንበሩን አስተኝቶ ተኝቷል። መስታወቱን አንኳኳሁ። ባልደረባዬ ነው፤ ሰላም ተባባልን። ምን ልበለው? የታዘዘውን ነው የሚሠራ።

ስለዚህ ከተማ ውስጥ የሚውለው ትልቅ ፎር ዊል ቦታና ነዳጅ ብቻ አይደለም የሚበላው። ጅሩ ላይ መሆን የነበረበትን መኪና ነው የሚበላው።

አሁን ወደ እርስዎ መስሪያ ቤት ሥራ ልምጣ። በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ መወሰኑን ሰማን። ደፋር ውሳኔ ነው። ቤንዚን 100 ብርን ሲሻገር ያየ ሰው ለምን እንደተወሰነ አይጠፋውም። ግን አንድ ነገር ሾልኮ አለፈ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አዲስ መኪናን በሲሲ፣ በሞተሩ መጠን ማለት ነው፣ ይለይ ነበር። እስከ 1300 ሲሲ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1800 ሲሲ በላይ 100 በመቶ። ጉድለት ቢኖረውም ትንሹን ከትልቁ የሚለይ መሰላል ነበር። ኤሌክትሪክ መኪና ግን ሲሲ የለውም። በ2014 ዓ.ም. በወጣው ማበረታቻ ደግሞ ተገጣጥሞ የመጣ ኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ ጉምሩክ ብቻ ይክፈል ተባለ። ትንሿም 15፣ ትልቁም 15። መሰላሉ ተነሳ፣ የተተካ ነገር የለም።

ውጤቱን መንገድ ላይ እያየነው ነው። ሰባት ሰው የሚጭነው የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና፣ አይዲ 6፣ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። ሁለት ቪትዝ ማለት ነው። ባትሪው ራሱ ከባድ ነው። ውስጡ ብዙ ጊዜ የማየው አንድ ሰውና አንድ ስልክ ነው። ትንሿ ኤሌክትሪክ መኪና፣ የቢዋይዲ ሲጋል ደግሞ 1.2 ቶን ገደማ ናት፣ ርዝመቷ 4 ሜትር አይሞላም፣ አራት ሰው ይዛ ከሲኤምሲ ሜክሲኮ ደርሳ ትመለሳለች። ሁለቱን በአንድ ዓይን የሚያይ ሕግ ሰውን "ትልቁን ውሰድ" እያለው ነው። ጭሱ ቀረ፣ እሰየው። ጠባቡ መንገድ ላይ ግን ወደ ኋላ የምንመለሰው ያው ነው። እንዲያውም ድምፁ አነስተኛ ስለሆነ ሪባኗን ያሰረችው ልጅ ላትሰማው ትችላለች።

በዚያው በጥር 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ውስጥ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ለድምፅ የወጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ከወጣው 54 በመቶው የከባድ መኪና የፓርኪንግ ክፍያ ይጨመር አለ። ከ1.6 ቶን ጀምሮ ያለ የነዳጅ መኪና፣ ከ2 ቶን ጀምሮ ያለ ኤሌክትሪክ መኪና፣ መሀል ከተማ ለሚያቆም እንግዳ በሰዓት 18 ዩሮ ሆነ። የሚገርመኝ ኤሌክትሪኩንም መመዘናቸው ነው። ላንድክሩዘርን የምትሠራው ጃፓን ደግሞ ከተማ ውስጥ መኪና ለማስመዝገብ መጀመሪያ የምታቆምበትን ቦታ አሳይ ትላለች። ፖሊስ ነው የሚያረጋግጠው። እኛ ዘንድ መጀመሪያ መኪናው ይገዛል፤ ቦታው በኋላ ከጎረቤት ጋር በመጣላት ይገኛል።

የኮንዶሚኒየማችን ፓርኪንግ 2.5 ሜትር ስፋት ነው የተሠመረው። የጎረቤቴ መኪና ወደ 1.98 ሜትር ይሰፋል። በግራና በቀኝ 26 ሴንቲ ሜትር ቀረለት። በዚያ በር ተከፍቶ ሰው አይወርድም፤ ስለዚህ መሥመሩ ላይ ይቆማል፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ ሌላው መሥመር ላይ። በአስር መኪና ቦታ ሰባት ይቆምና የኮሚቴው ስብሰባ እስከ ማታ ይቀጥላል። ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤው አለ።

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ሲሲ ከቀረ ክብደት ይተካ። ጉምሩክ ላይም ሆነ በየዓመቱ ቦሎ ሲታደስ፣ ከባዱ መኪና ከቀላሉ የበለጠ ይክፈል፤ ገበሬው ቀበሌ ድረስ የሚገባው ፒክ አፕና አምቡላንስ ደግሞ አይነካ። የፓርኪንጉን ነገር ለከተማው ቢሮ ይምከሩልኝ። ከሁሉ በፊት ግን ኮድ 4። የመስክ መኪና በሰው ስም መመደቡ ይቅር፤ ጉዞ ሲኖር ብቻ ከግቢ ይውጣ። የመውጫ ወረቀቱ ላይ የሚሄድበት ወረዳ ይጻፍ። ቦሌ ወረዳ አይደለም። ኃላፊው ከተማ ውስጥ በትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና ይሂድ። ያን ቀን የሆቴሉ ጥበቃ ማንን በሰላምታ እንደሚያስገባ ግራ ይገባዋል፤ እኔም ምናልባት "አባት ይግቡ" እባል ይሆናል።

ጊዜ ካለዎ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት 1፡40 ላይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አለሁ። ብርማ ቪትዝ ነች፣ የኋላ መብራቷ በፕላስተር ተለጥፏል። ሜትሩን ይዤ እመጣለሁ። እርስዎ የሚመጡበትን መኪና አብረን እንለካዋለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጡረተኛ የመስክ ሾፌር

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትራንስፖርት ቢሮ
ለገንዘብ ሚኒስቴር
ለጎረቤቴ (መኪናህን እንድለካ ስለፈቀድክ አመሰግናለሁ፤ መሥመሩን ግን አሁንም እየረገጥክ ነው)