ስድስት የጠፋበት ዓመት፦ የሒሳብ ክበብ ዘገባ

የዘንድሮው ክበባችን በ15 አባላት ተጀመረ። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ እንገናኝ ነበር። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጅተናል፤ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። ዓመቱን የበላብን አንድ የካርቶን ቅርጽ ነው።

አራት እኩል ሦስት ማዕዘኖች የገጠሙበት ቴትራሄድሮን ነው፤ ከብስኩት ካርቶን ሠራነው። አንስተን አዙረን መልሰን ስናስቀምጠው ያልተነካ የሚመስልባቸው 12 አዟዟሮች አሉት፤ ጭራሽ አለማዞርም ይቆጠራል። ሁለቱን ብናከታትል ያው ከ12ቱ አንዱ ይወጣል፤ እያንዳንዱንም መቀልበስ ይቻላል። እንዲህ ያለው ስብስብ ግሩፕ ይባላል። “ቡድን” ልንለው ሞክረን ነበር፤ ወሬው ወዲያው ወደ ኳስ ስለዞረ ተውነው።

በግሩፑ ውስጥ ራሳቸውን የቻሉ ትንንሽ ግሩፖች አሉ። በላግራንዥ ሕግ 12 ለእያንዳንዱ ንዑስ ግሩፕ ብዛት ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። ልጆቹ ባለ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 12 አገኙ። ባለ 6 ግን የለም። ሦስት ሳምንት ፈለጉ። መልሱን እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ ትንሽ ሳልጨክን አልቀረሁም።

በመጨረሻ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ፈታችው። ንዑስ ግሩፑ የዋናው ግማሽ ከሆነ፣ የትኛውንም አዟዟር ሁለቴ ብንደግም ውጤቱ የግድ እሱ ውስጥ ይወድቃል። አንድ ጫፍ ይዘን ሲሶ ዙር የምናዞርባቸው ደግሞ ስምንት ናቸው፤ አራት ጫፍ፣ በግራና በቀኝ። የቀኙን ሁለቴ ብንደግም የግራው ይመጣል፤ የግራውን ብንደግም የቀኙ። ስለዚህ ስምንቱም ስድስት ቦታ ላይ ሊገቡ ነው። “እዚህ ታክሲ ላይ ጠጋ ጠጋ በሉ አይሠራም” ብላ ጠመኔውን አስቀመጠች።

የማይጠፋው የትኛው እንደሆነ በ1872 (እ.ኤ.አ.) ያሳየው ሉድቪግ ሲሎው ነው። ኖርዌይ ውስጥ ለ40 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር፤ ይህን ለመምህራን ክፍል ሁሉ አውርቻለሁ። 12 ሁለት ጊዜ 2 እና አንድ 3 አለው። ሁለቶቹ ለብቻ 4፣ ሦስቱ ለብቻው 3፤ እነዚህን የሚያክሉ ንዑስ ግሩፖች የግድ ይኖራሉ። 6 ግን 2ንና 3ን ስለሚያደባልቅ ዋስትና የለውም።

ከዚሁ ተነስተን ባለ 15 ግሩፕ አንድ ዓይነት ብቻ እንደሆነ አየን። ባለ 3ውም ባለ 5ውም ንዑስ ግሩፕ አንድ አንድ ብቻ ስለሆኑ፣ ግሩፑ 15 ቁጥር እንዳለው ሰዓት ከመዞር ሌላ ምርጫ የለውም።

ፈተና ሲቃረብ 11 ቀረን። ብቸኛ ቁጥር ስለሆንን ከእንግዲህ አንከፋፈልም ብለው ቀለዱ። ሰኔ ላይ 10 ነበርን።