ስቴንት ለገባላቸው ወላጆቻችን በአማርኛ መረጃ እናዘጋጅ፤ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ወገኖቻችን፣

በአሜሪካ በምንኖርባቸው ከተሞች፣ በሆዳቸው ውስጥ ባለው ዋና የደም ቧንቧ (አኦርታ) ላይ አኑሪዝም የሚባለው እብጠት ተገኝቶባቸው ጨርቅ የለበሰ ስቴንት (የደም ቧንቧውን ከውስጥ የሚደግፍ የሽቦ መረብ ቱቦ) የገባላቸው አባቶችና እናቶች አሉን። ሆዳቸው ሳይከፈት ታክመው በጥቂት ቀን ወደ ቤታቸው ስለሚመለሱ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። የክትትል ቀጠሮ ሲደርስ «ምንም አላመመኝም፣ ምን ላደርግ እሄዳለሁ?» ይላሉ። ይህን ጥሪ ያስነሳን ይኸው ነው።

ስቴንቱ የሚገባው ደሙ በእሱ ውስጥ አልፎ፣ የሳሳው ግድግዳ ከግፊት እንዲያርፍ ነው። ሆኖም ደም በስቴንቱ ጫፍ ሾልኮ፣ ወይም ወደ ወገብ በሚሄዱ ትናንሽ ቅርንጫፎች በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ እብጠቱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሐኪሞች ኢንዶሊክ ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ የሚታወቀው በሲቲ ስካን ወይም በአልትራሳውንድ ነው።

ስለዚህ ነገር ብዙ ያስተማሩን እንስሳት ናቸው። አርጀንቲናዊው ሐኪም ሁዋን ፓሮዲ እ.ኤ.አ. በ1990 ቦነስ አይረስ ውስጥ ሕክምናውን በሰው ላይ ከመጀመራቸው በፊት በውሾች ላይ ሞክረውት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም በውሻ አኦርታ ላይ ሰው ሠራሽ እብጠት ፈጥረው ስቴንት አስገቡ፤ ሆን ብለው ደም የሚሾልክበት ቀዳዳ ተዉ፤ እብጠቱ ውስጥ የግፊት መለኪያ አኖሩ። ከዚያ ቀዳዳውን በጥቃቅን የሽቦ ጥቅልሎች ደፈኑት። በራጅ ሲታይ ደም መግባቱን አቁሟል፤ መለኪያው ግን ግፊቱ እንዳልወረደ አሳየ። የረጋ ደም መንገዱን ቢዘጋም ግፊቱን ያስተላልፋል ማለት ነው። ለእኛ ከሁሉም በላይ ልብ የሚነካው ይህ ውጤት ነው።

እርግጥ እንስሳ ከሰው ይለያል። የውሻ ደም የረጋውን ቶሎ ያሟሟል፤ በአሳማ ላይ የሚፈጠር እብጠት ደግሞ አንዳንዴ በራሱ ይሽራል። በሰው ላይ የታየውም ግን ቀላል አይደለም። በብሪታንያ ሕሙማንን ለ15 ዓመታት የተከታተለውና በ2016 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ከ8 ዓመት በኋላ በአኑሪዝም ምክንያት የሞቱት ሆዳቸው ተከፍቶ ከታከሙት ይልቅ ስቴንት ከገባላቸው ወገን በዝተዋል። ዋናው ምክንያት የእብጠቱ መፈንዳት ነበር። ማንንም ለማስፈራራት አይደለም፤ በቅርንጫፎች በኩል የሚመጣው ኢንዶሊክ ብዙ ጊዜ በራሱ ይዘጋል። መዘጋቱን ግን አይቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ስለዚህ በአማርኛ ሥዕል ያለበት ቡክሌት፣ ማንበብ ለሚያዳግታቸው ደግሞ የድምፅ ቅጂ እያዘጋጀን ነው። ጽሑፉን የሚያዘጋጁት የጤና ባለሙያ ልጆቻችን በነፃ ነው፤ ከመታተሙ በፊትም የደም ሥር ቀዶ ሐኪሞች ያዩታል። ገንዘቡ የሚያስፈልገን ለሰዓሊ፣ ለስቱዲዮ ኪራይና ለኅትመት ነው። ሲጠናቀቅ በአብያተ ክርስቲያናት፣ በመስጊዶችና በዕድሮች በኩል ያለ ክፍያ ይታደላል።

10 ዶላርም ሆነ 100፣ የተቻላችሁን ለማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ። ጥሩ ድምፅ ያላችሁ ለቀረጻው፣ ሥዕል የምትችሉም ለቡክሌቱ አግዙን። ገቢና ወጪው በየወሩ ስብሰባ ላይ ለሁሉም ይነበባል።