የቅዳሜው የደብሊን ምሽት፦ ቦታና ሰዓት

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ አብረን እንውጣ ባልነው መሠረት ፕሮግራሙ ይኸው።

የምንገናኘው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ 6 ማለት ነው። ቦታው ስሚዝፊልድ፣ ኮብልስቶን መጠጥ ቤት። ቀዩን የሉዋስ ባቡር ይዛችሁ ስሚዝፊልድ ውረዱ። እዚያ የሚኬደው ለባህላዊ ሙዚቃው ነው። ተጫዋቾቹ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነው የሚጫወቱት፤ ስለዚህ ወሬያችንን ዝቅ እናድርግ፣ እባካችሁ። በ2021 እ.ኤ.አ. እዚያ ሆቴል ሊሠራ ሲታሰብ ሕዝቡ ሰልፍ ወጥቶ ተቃወመ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ፈቃድ ከለከለ። ጊነስ (ጥቁሩን የአየርላንድ ቢራ) ያዘዘ ይታገስ። በሁለት ጊዜ ነው የሚቀዳው፤ ሳይሞላ አያንሱት።

ከዚያ ወደ ሎንግ ሆል መጠጥ ቤት፣ መስታወቱንና አሮጌ እንጨቱን እያየን አንድ አንድ ብርጭቆ።

ኮክቴል ለሚወዱ ቴምፕል ባር አካባቢ ቪንቴጅ ኮክቴል ክለብ አለ። ዋጋው ከመጠጥ ቤቶቹ ይወደዳል፤ ጠረጴዛም ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። እኔ ሎንግ ሆል ብንቆይ እመርጣለሁ፣ ግን ድምፅ ይወስን።

እዚህ አገር ተራ በተራ ነው የሚጋበዘው፤ ተራው የደረሰው ለቡድኑ ሁሉ ይገዛል። አራት አራት ሰው ሆነን እንከፋፈል፤ ለአሥራ ሁለት ሰው መግዛት ኪስ ያራቁታል። የማይጠጣ ሰው ለስላሳ ይዞ ይቀላቀለን። መታወቂያ አትርሱ።

መምጣታችሁንና ምርጫችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።