ቅዳሜ ጠዋት፦ አይጦቹን ከመኪና ማቆሚያችን ለማስወጣት

ሰላም ጎረቤቶች። ቅዳሜ ጠዋት 2፡30 ላይ የግቢያችንን መኪና ማቆሚያ አብረን እናጽዳ። አይጦቹ መኪኖቻችንን ቤታቸው አድርገዋል።

ሰሞኑን የአንድ ጎረቤታችን መኪና ኮፈን ሲከፈት ባትሪው ሥር የተቦጫጨቀ ስፖንጅና የዓሣ አጥንት ተገኘ። የሽቦው ላስቲክ ተግጦ መዳቡ ፈጦ ነበር። እንዲህ የተላጡ ሽቦዎች ከተነካኩ እሳት ያስነሳሉ። የአይጥ ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ መጋጥ አትተውም፤ እኛ ማድረግ ያለብን የሚስባትን ነገር ማንሳት ነው።

በተለይ የዓሣ ቅሪት! ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ ስትገዙ፣ እባካችሁ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ክዳን ያለው ገንዳ ውስጥ ጣሉ። መኪና ውስጥ ቆሎም ዳቦም አይደር።

መርዝ ግን እንዳታደርጉ እለምናችኋለሁ። የተመረዘችውን አይጥ ድመቶቹና አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይበሏታል፤ ግቢው ውስጥ ልጆችም ይጫወታሉ። ወጥመድ ይሻላል።

ጓንት፣ ማስክና በረኪና ይዛችሁ ኑ። የአይጦቹን ኩስ በደረቁ አትጥረጉ፤ ብናኙ በሽታ ያመጣል። በውሃ በተበጠበጠ በረኪና አርሳችሁ፣ ትንሽ ቆይታችሁ በጨርቅ አንሱት። ከዚያ የግንቡን ቀዳዳዎች በሽቦ ወንፊትና በሲሚንቶ እንደፍናለን። ትንሿ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በምታህል ቀዳዳ ስለምትሾልክ ወንፊቱ ደቃቅ ይሁን።

መኪናችሁ ቆሞ ከከረመ፣ ሳታስነሱ በፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ እዩ። የአየር ፊልትሮውንም አትርሱ።

እስከ ሐሙስ ማታ ሁለት ነገር መልሱልኝ፦ ትመጣላችሁ? ወንፊቱና ሲሚንቶው ከግቢው ገንዘብ ይገዛ ወይስ እናዋጣ?