የኒኮዲመስ ጉዞ፦ እስከ ረቡዕ ማታ መልስ ስጡን

ውድ የዴንቨር የጉዞ ቡድናችን አባላት፣

በመጪው ዓርብ ካንሳስ ወደምትገኘው ኒኮዲመስ እንሄዳለን፤ ሂል ሲቲ አድረን ቅዳሜ እንመለሳለን። መነሻ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ከተለመደው ቦታ።

በኢንተርስቴት 70 እስከ ዋኪኒ፣ በአውራ ጎዳና 283 ወደ ሰሜን እስከ ሂል ሲቲ፣ ከዚያ በአውራ ጎዳና 24 ወደ ምሥራቅ እንነዳለን። ከ5 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ኒኮዲመስ ሰዓቷ ከዴንቨር በ1 ሰዓት ይቀድማል፤ በዴንቨር ሰዓት ያሰላ ሰው የጎብኚዎች ማዕከሉን በር ተዘግቶ ያገኘዋል።

ኒኮዲመስን በ1877 የመሠረቷት ከኬንታኪ የመጡ፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። እንጨት በሌለበት ሜዳ የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፉት መሬት ቆፍረው በሠሩት ቤት ነው። በ1888 የባቡር ሐዲዱ ሳይነካት በሌላ በኩል ሲያልፍ ነጋዴዎቹ ሐዲዱን ተከትለው ሄዱ፤ ዛሬ የቀሩት 5 ታሪካዊ ሕንጻዎች ናቸው። ከማዘጋጃ አዳራሹ እንጀምር፣ የጎብኚዎች ማዕከሉ እዚያው ነው። ሌሎቹን ከውጭ ለማየት ተዘጋጁ። ሰው የሚኖርባት መንደር ስለሆነች የግል ግቢ አትግቡ።

ነዳጅ ሂል ሲቲ ላይ ሙሉ፤ ኒኮዲመስ ማደያ የለም። ስንቅ፣ ውኃና የንፋስ መከላከያ ጃኬት ያዙ፤ ጥላ ለዚያ ንፋስ አይሆንም።

ስንት ሰው እንደምትመጡና መኪና ይዛችሁ እንደሆነ እዚሁ ጻፉልን።