ፓኔላቸው ሞልቶ ልብስ ማድረቂያ መጨመር ለሚፈልጉ ደንበኞቻችን

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ብዙዎቻችሁ ልብስ ማድረቂያ ማሽን ገዝታችሁ መስመር እንድንዘረጋላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ፓኔሉን (የቤቱ ኤሌክትሪክ ወደየመስመሩ የሚከፋፈልበትን ሳጥን) ስንከፍተው ግን ከዳር እስከ ዳር ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መስመሩን በራሱ የሚያቋርጥ ማብሪያ) ነው፤ ባዶ ቦታ የለም። ያኔ «አንዱን ትንሽ ብሬከር አውጥታችሁ ትልቅ ብታስገቡበትስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ይህን አንሠራም። ምክንያቱን በደንብ እንድታውቁት እንፈልጋለን።

ብሬከር የሚገጠመው በዋናነት ሽቦውን ለመጠበቅ ነው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ 16 ወይም 20 አምፔር የሚደረገው ሽቦው ከልክ በላይ እንዳይግል ነው። 5,000 ዋት የሆነ ማድረቂያ በ230 ቮልት ወደ 22 አምፔር ይስባል። ባለ 20 ብሬከር ከቆይታ በኋላ ሊወርድ፣ ማለትም መስመሩን ሊያቋርጥ ይችላል። በምትኩ ባለ 32 ቢገባ አይወርድም፤ ማሽኑም ይሠራል፣ ችግሩም የተፈታ ይመስላል። ሽቦው ግን ግድግዳ ውስጥ መጋሉን ይቀጥላል። በአንድ ሽቦ የሚያልፈው ከረንት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ማድረቂያ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ የሚያርፍ ዕቃ አይደለም፤ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲሠራ ሊቆይ ይችላል።

እንዲህ የተሠራ ፓኔል ኃይሉን አጥፍተን ስንፈታ መጀመሪያ የምናየው ብሬከሩ ብሎን ሥር ያለውን የሽቦ ልባስ ነው። ጠቁሯል፤ ደርቋል፤ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ሁለት ሽቦ በአንድ ብሎን የታሰረበት ቦታም እንዲሁ ነው። ብሎኑ አንዱን ጨብጦ ሌላውን ያላላዋል፣ የላላው ይግላል። ማድረቂያውን በዲቫይደር መሰካትም መፍትሔ አይሆንም፤ እባካችሁ አታድርጉት።

ታዲያ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ የጎደለው ቦታ ነው ወይስ ኃይል የሚለውን እንለያለን። ቦታ ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ከዋናው አጠገብ ትንሽ ፓኔል ገጥመን አንዳንድ መስመሮችን ወደዚያ እናዛውራለን፤ በተለቀቀው ቦታ ለማድረቂያው የራሱን ብሬከር እናስገባለን። ከዚያም ለጭነቱ የሚበቃ ወፍራም ሽቦ ከነግራውንዱ (ከመሬት ጋር ከሚያገናኘው የደኅንነት ሽቦ ጋር) እንዘረጋለታለን።

ትንሹ ፓኔል ቦታ ይሰጣል እንጂ ኃይል አይጨምርም። ለምሳሌ ዋናው ብሬከር 40 አምፔር ቢሆን በ230 ቮልት የሚሸከመው 9,200 ዋት ነው። ምድጃው 5,000፣ የውሃ ማሞቂያው 2,000 ዋት ቢስቡ ገና መብራትና ፍሪጅ ሳይቆጠር 2,200 ዋት ብቻ ቀረ። 2,500 ዋት ማድረቂያ ሲጨመርበት ሁሉም አንድ ላይ ከሠሩ ዋናው ብሬከር ሊወርድ ይችላል። ጭነቱን ሳናሰላ ዋጋ የማንነግራችሁ ለዚህ ነው።

ኃይል ካነሰ አንዱ መንገድ ምድጃው ሲሠራ ማድረቂያውን የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ መግጠም ነው። ሌላው ከኃይል አቅራቢው ተጨማሪ አቅም ጠይቆ ዋናውን መስመር ማሳደግ ነው፤ ይህ ፈቃድም ወጪም አለው።

ማሽኑን ገና ካልገዛችሁ ግን ምክራችን ሂት ፓምፕ (ሙቀቱን ሳያባክን መልሶ የሚጠቀም ሥርዓት) ያለውን እንድታዩ ነው። አብዛኞቹ ከ1,500 ዋት በታች ነው የሚስቡት። ልብሱን ለማድረቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ግን ብዙ ጊዜ ዋናውን መስመር ከማሳደግ ያድኗችኋል። እኛ የምናገኘው ሥራ ቢቀንስም ይህን ሳንነግራችሁ አናልፍም።

ከመምጣታችን በፊት ሦስት ፎቶ ላኩልን፦ ማሽኑ ጀርባ ላይ ዋትና ቮልት የተጻፈበትን ምልክት፣ የፓኔሉን በር ተከፍቶ፣ እና በዋናው ብሬከር ላይ የተጻፈውን የአምፔር ቁጥር። የውስጡን ሽፋን ግን አትፍቱት፤ ዋናው ብሬከር ወርዶም ከቆጣሪ የሚመጣው ሽቦ ኃይል አለው።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤሌክትሪክ ሥራ ባልደረቦቻችሁ